አባቴን መፈረም ሳስተምረው

አባቴ መጻፍ የማይችል ይመስለኝ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ሦስተኛ ክፍል፤ «የክፍሉ ቆንጆ ጽሕፈት» ተብሎ ወረቀቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎልኛል። የገዛ አባቴ ግን ስሙን መጻፍ አይችልም! ከዚህ የባሰ ውርደት በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በኔ አትፍረዱ፤ ዓይኔ ያየው ያንን ነው። ፐርልማን ትንሽ ከተማ ናት፤ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ዓሣና ሙቀት ብቻ ያላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የኛ ግቢ ውስጥ ዓሣ ይጠበሳል። አባቴ ኦዴል ፕሩት ከጥቁሩ ብረት ድስት ኋላ ይቆምና፣ በበቆሎ ዱቄት የተለወሰውን ዓሣ እየጨመረ እያወጣ፣ ላቡ ባገጩ እየተንጠባጠበ የሚገባውን ሁሉ በየስሙ ይጠራል። ለመጣው ሁሉ መጀመሪያ ዓሣ፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ከዚያ ወረቀት የተቆነጠጠባት ጣውላ ያቀብላል። እስክሪብቶው ጣውላዋ ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር ታስሯል፤ ካልታሰረ ሰው ኪሱ ከትቶት ውልቅ ይላል።

«ብላ፤ ከዚያ እጅህን ታጠብ፤ ከዚያ ፈርም። በቅባት እጅህ ብትነካብኝ ግን ድስቱ ውስጥ ነው የምጨምርህ!»

ሰዉ ይስቃል፤ ይታጠባል፤ ይፈርማል። እሱ ግን አይፈርምም። አንድም ቀን ያንን እስክሪብቶ አንስቶ ወረቀት ሲነካ አላየሁትም። የትምህርት ቤት ወረቀቴን እንኳ የምትፈርምልኝ እህቱ፣ አክስቴ ቨርሊን ናት። ጓደኛው ዌድም አይፈርምም። ዌድ ቀይ ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ ነጭ ሰው ነው፤ ከባድ መኪና ይነዳል። እሱንማ ከመጀመሪያውም ትምህርት ባጠገቡ ያለፈ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማርኪስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዲያቆን የልጅ ልጅ፣ አፉን በዓሣ ሞልቶ፣ ልጆች በተሰበሰቡበት «የጆሌት አባት ማይም ነው» አለ።

«ውሸታም!» አልኩት።

«ሲፈርም አይተሽው ታውቂያለሽ? ሁሉንም ያስፈርማል፤ ራሱ አይፈርምም። ስሙን ስለማያውቅ ነው!»

ሳህኔን አናቱ ላይ ደፋሁበት። ጎመኑ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ እሪ ሲል አክስቴ መጣችና እኔን በጆሮዬ ጎትታ ወሰደችኝ። ቁንጥጫው አላመመኝም። ያመመኝ ልጁ ልክ የመሰለኝ ነገር ነበር።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ የማውቀውን ልንገራችሁ። ወረቀቱ፣ በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው ፍርዳቸውን ጨርሰው ለወጡ ሰዎች የመምረጥ መብታቸው ይመለስ የሚል ነበር። በኛ ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለ ሰው እስኪሞት አይመርጥም። ግብር ክፈል ይሉታል፣ ምረጥ አይሉትም። ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ደግሞ እልፍ አእላፍ ፊርማ ያስፈልጋል፤ መፈረም የሚችለውም የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ተሸክመው በየደጁ የሚለምኑት ሰዎች በገዛ ወረቀታቸው ላይ መፈረም አይችሉም። እስቲ ይታያችሁ! ቁስሉ ያንተ፣ አቤቱታው የሌላ። ይህችው ናት እንግዲህ ለዓለም ሁሉ ስለ ምርጫ የምትሰብከው አሜሪካ። እኔን ቁጡ ነሽ ሲሉኝ ይገርመኛል።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ የት አውቄው። በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ሰፋፊ መስመር ያለውን ደብተሬንና ቢጫ እርሳሴን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እርሳስ አትፍራ። ስምህ የሚጀምረው በክብ ነው። ክብ ሥራ።»

እኔንም ደብተሩንም አየ። አክስቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አፏን ልትከፍት ስትል ራሱን ነቀነቀባት። ከዚያ እርሳሱን እንደ መዶሻ ጨብጦ ክብ ሠራ። ምኑ ክብ ነው፣ የተረገጠ እንቁላል ይመስላል።

«ቀስ በል እንጂ አባዬ! ምን ያስጫንሃል?»

«እሺ መምህርት። ይቅርታ መምህርት።»

«ድገመው።»

ደገመው። የባሰ ሆነ። ሳቄ ሲመጣ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ በተማሪ አይሳቅም ብላናለች አስተማሪያችን። አክስቴ በሩን ጓ አድርጋ ዘግታው ገባች። አስተማሪ መሆኔ አስቀንቷት ነው ብዬ አዘንኩላት። በኋላ ውኃ ልጠጣ ስገባ ወጥ ቤት ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«ልጅቷ ማይም አባት አለኝ ብላ ትደግ? ጤናም የለህ አንተ?»

«ከሌላው ይሻላል፣ ቨርሊን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትችለው።»

ሌላው ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከማይምነት የባሰ ነገር ይኖራል ብዬም አላሰብኩ።

አባቴ መታሰሩን አውቅ ነበር። ግቢያችን ከሚመጣው ሰው ግማሹ ታስሮ የወጣ ነው፤ ለኛ ለልጆች መታሰር ማለት ወታደር ቤት ከርሞ እንደ መምጣት ያለ ነገር ነው። ያላወቅሁት እዚያ ውስጥ የእስረኛው ሁሉ ጸሐፊ እሱ እንደነበረ ነው። ለእናት፣ ለዳኛ፣ ለሚስት፣ ላልቻለው ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፈው አባቴ ነበር። የዌድ ሚስት ከባሏ የታረቀችው በአባቴ ደብዳቤ ነው። «እንደዚያ የሚናገር ባል ስትጠብቅ እኔ መጣሁባት፤ ምስኪን» ይላል ዌድ እስካሁን። ያ ሰው ነው እንግዲህ እፊቴ ቁጭ ብሎ እርሳስ እንደ መዶሻ የሚጨብጠው፣ ያውም እሑድ በመጣ ቁጥር። ለምን? ልጁ ነፍሰ ገዳይ ከምትለው ማይም ብትለው ስለሚሻለው።

ሕጉ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚለው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ የአጎቱ ልጅ «አድርሰኝ» አለው፤ አደረሰው። ለዝርፊያ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አላወቅሁም ብሎ አያውቅም። ሞተሩን ሳያጠፋ ሱቁ ደጅ ጠበቀ። የአጎቱ ልጅ ውስጥ ገብቶ ባለሱቁን ሚስተር ቶሊቨርን ተኩሶ ገደለ። አባቴ ከመኪናው እንኳ አልወረደም። ያደረሰም የተኮሰም አንድ ነው ብሎ ሕጉ ሃያ አንድ ዓመት አሰረው። ሚስተር ቶሊቨር ልጆች ነበሩት። አባቴ በዓመት አንድ ቀን፣ ያ ቀን ሲመጣ፣ እህል አይቀምስም፤ እኔ ሆዱን ያመመው ይመስለኝ ነበር። እናቴ ስትሞትም ፍርድ ቤት እኔን ለሱ አምኖ አልሰጠም፤ አሳዳጊ ብሎ የመዘገበው አክስቴን ነው። የትምህርት ቤት ወረቀቴን እሷ የምትፈርምልኝ ለዚህ ነበር።

ትምህርታችን ስሙን ጨርሶ የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ ወይዘሪት ስታውት መጣች። የፊርማውን ሥራ የምትመራ የዋናው ከተማ ጠበቃ ናት፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሳለች። በረንዳው ላይ አባቴ፣ ዌድና አክስቴ ከበቧት። እኔ በረዶ የገባበት ሻይ እያመላለስኩ በየመሀሉ ጆሮዬን እጥላለሁ።

«ሕዝቡን በስልክ ጠይቀናል» አለች። «ሁሉንም ካካተትን እንወድቃለን። ከመቶ ስድሳ ያስፈልገናል፤ አናገኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብንጨምር ግን እናልፋለን።»

«ምን የሚል?» አለ ዌድ።

እሷ አባቴን አየችው። አባቴ ግቢው መሀል ያለውን ድስት ያያል።

«ከነሱ በስተቀር፣ የሚል ነው» አለ አባቴ። «እንደኔ ካሉት በስተቀር።»

ዌድ ብርጭቆውን ደረጃው ላይ ፈጠፈጠው። «እብድ ናችሁ እንዴ? የዚህን ከተማ ፊርማ በሙሉ የለቀመው እሱ አይደለም? እኔ ቤቴ ተኝቼ እሱ በዝናብ ሲዞር! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ!»

«ዌድ፣ ተቀመጥ» አለ አባቴ። «ስንት ሰው ነው ውጭ የሚቀረው?»

«በቁጥር ጥቂት ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«የሚገባውስ?»

«ከሚሊዮን በላይ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ጻፉት።» ከወንበሩ ተነሣ። «ዓሣው እንዳያርብኝ።»

አክስቴ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ የገባኝ ይህ ነበር፦ አባቴን ከሥራው ሊያስወጡት ነው፤ መጻፍ ስለማይችል። ይህች ባለ ኮት ሴትዮ ናት ያሳበቀችው! ወጥ ቤት ገብቼ ከቀዩ የሚያቃጥል ስጎ ሻይዋ ውስጥ ገለበጥኩበትና በትሕትና አቀረብኩላት። ጎንጨት አለች፤ ሳለች፤ እንባዋ ፈሰሰ። እሰይ አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያ እንባ ሁሉ የስጎው አልነበረም። ቢሆንም አሁንም እሰይ ነው የምለው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳው የታሰረው ከድሩ አንዱን ክር መዝዘው ጥለው ከሆነስ? ይህንን የሚነግረን ተረት አላገኘሁም። የድሮው ወረቀት ተጣለ፤ ዓረፍተ ነገሯ የገባችበት አዲስ ወረቀት ታተመ፤ ፊርማው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። አባቴም እንደገና ጀመረ። ድስቱን ጣደ፣ እስክሪብቶውን በክር አሰረ፣ «ታጠብና ፈርም» አለ። እሱን «በስተቀር» የሚል ወረቀት ይዞ በፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ በኳስ ሜዳው በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ። ሴቶቹ «እግዜር ይስጥህ ወንድም ኦዴል፤ አንተም ልትመርጥ ነው!» ሲሉት «አሜን» ይላቸዋል። አሜን! እኔ ብሆን ጣውላዋን እሰብራት ነበር።

አለፈ። ከመቶ ከስድሳ በላይ ሰው ይሁን አለ። ውጤቱ በተነገረ ቀን ግቢያችን ሰው በሰው ሆነ፤ ዌድ አክስቴን ተሸክሞ ዞረ፤ አክስቴም በጥፊ አለችው። አባቴ ሲጨፍር ያየሁት ያን ዕለት ነው። ይጨፍር ነበር፤ እውነቴን ነው። እኔም የጨፈርኩት ለሱ መስሎኝ ነው።

ሕጉ የጸናው በጥር ነው። በመጀመሪያው የምዝገባ ጠዋት አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ ተውሶ ሰፈሩን ለቃቀመ። ሁሉም የቀብርና የሠርግ ልብሱን ለብሷል። ዌድ ፂሙን አበጥሮ ከረባት አስሯል፤ ለማሾፍ እንኳ ድፍረት አጣን። ምዝገባ ቢሮው ደጅ ስንደርስ ሁሉም ወረደ። አባቴ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«አባዬ፣ ና እንጂ!»

«ሚኒባሱን ማን ይጠብቅ?»

«ፈርተህ ነው፤ አውቄብሃለሁ። ጽፈኸው የለም እንዴ? እሑድ ለት እኮ ምንም አልተሳሳትክም!»

«ዛሬ ሰው በዝቷል የኔ እናት።»

ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቱ ላይ ጣልኩለት። «እንግዲያ እዚህ ጻፈው። እኔ ወስጄ አሳይልሃለሁ።»

እርሳሱን ተቀበለኝ። ለካ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ መዶሻውን ረሳው። እጁ ወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ ሄደ፣ ሳይቆም፣ ሙሉ ስሙን፣ ተያይዞ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ጅራቷ ተጠምዝዛ። እንደዚያ ያለ ጽሕፈት እስከ ዛሬ ያየሁት ጥቂት ነው። እኔ ግን ምን አልኩ? ጎበዝ አስተማሪ ነኝ አልኩ! ገጿን ቀድጄ ሮጥኩ።

ሰልፉን በክንድ ሥር እየሾለኩ አልፌ ወረቀቷን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። «የአባቴ ስም ነው። ራሱ ነው የጻፈው። መዝግቢው!»

መስኮቷ ኋላ ያለችው ሴትዮ ስሙን አየች፤ ኮምፒውተሯ ላይ መታች፤ ከመነጽሯ በላይ ተመለከተችኝ።

«ይሄ አይሆንም» አለች።

«መጻፍ ይችላል እኮ! ይኸው!»

«የጽሕፈት ነገር አይደለም የኔ ማር። ሰው የገደለ አይመዘገብም።»

ይኸው እንዲህ አለችኝ። ውጭ ይዘንባል ወይ ብላ እንደምትጠይቅ ሰው፣ ድምጿ ሳይለወጥ። ለሕፃን ልጅ! ዞሬ ሰልፉን አየሁ፤ አንድ ሰው «ውሸት ነው» እንዲል ጠበቅሁ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ሁሉም ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አክስቴ መጥታ ወረቀቷን ከመስኮቱ ላይ ነጠቀች። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«ወንድሜ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያልለመነለት ሰው እዚህ አለ? አለ ወይ ነው የምላችሁ! አፋችሁን ዓሣ ሲጎርስ ነው የማውቀው፤ ዛሬ ምን ዘጋው?»



«ቀጣይ» አለች ሴትዮዋ።

ቀጣዩ ዌድ ነበር። እኔን አየኝ፤ መስኮቱን አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ፤ እስክሪብቶውን አነሣ፤ ፈረመ።

ከዓመታት በኋላ ነግሮኛል። አባቴ በዋዜማው ቤቱ ሄዶ «አንተ ካልፈረምክ የለፋሁት ለማን ነው? ብትመለስ ዓይንህን አላይም» ብሎ አስምሎታል። አምናለሁ። ዌድ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ ልጁ ነው ያሳደገኝ። ግን ያቺን እርምጃ ይቅር ብያለሁ ብል ቅጥፈት ነው።

ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ። አባቴ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይጠብቀኛል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ሲጠብቅ አይታይም።

«አሳየሻቸው?»

«አሳየኋቸው።»

«ምን አሉ?»

ፊቱን አየሁት። ከማይምነት የሚብሰው ምን እንደሆነ አሁን አውቄአለሁ፤ እሱ ማወቄን አያውቅም።

«ጽሕፈቱ ያምራል አሉ» አልኩት።

«አስተማሪዬ ጎበዝ ናት» አለኝና ከጎኑ አስቀመጠኝ።

ዛሬ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጣውላዋን የምሸከመው እኔ ነኝ። ያችን ዓረፍተ ነገር የሚሰርዝ አዲስ ወረቀት አዘጋጅተናል። አባቴ ሰባውን አልፎ አሁንም ዓሣ ይጠብሳል፤ አሁንም በምርጫ ቀን ሰፈሩን በሚኒባስ ያመላልሳል፤ አሁንም ከመኪናው አይወርድም። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጠበቃ ከዋናው ከተማ መጣ። ልብሱ ጥሩ ነው፣ አንደበቱም ጥሩ ነው።

«ጠይቀን ነበር» አለ። «ያደረሱትንና የተባበሩትን ብቻ ብናካትት እናልፋለን። አባትዎ ይገባሉ። በእጃቸው የገደሉትን ግን በስተቀር ብለን አንድ ዓረፍተ ነገር…»

አባቴ ከድስቱ ኋላ ሰምቶናል። ዓሣ ማውጫውን እንደያዘ ቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ የለፋለት ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ መስመር ጻፊ ነው የተባልኩት። ጠበቃው እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

አባቴን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ያን እሑድ በረንዳው ላይ ለአክስቴ እንዳደረገው፣ ተይ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«አልችልም» አልኩት ሰውዬውን። «እኔ መጻፍ አልችልም።»

«ይቅርታ?»

«ማይም ነኝ። ከአባቴ ነው የወረስኩት።»

አባቴ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓሣው አረረበት።